ደስ ያለዎትን ይስጡኝ

«ልጅቷ የለችም፤» አለች ኦቲሊያ በሩን በትከሻዋ ገርበብ አድርጋ ይዛ። «ብትኖርም ያንን ሥራ ትታዋለች። እጇ ይንቀጠቀጣል።»

ዴልሚ ግን ነበረች። ክፍሉን ለሁለት ከከፈለው መጋረጃ ወዲያ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ስትጎነጉን እናቷ የምትለውን ሁሉ ቃል በቃል ሰማች። እጇን አየችው። ኧረ ምንም አልሆነም። ደጅ የቆመው ሰውዬ መኪና የማይወጣውን የኮረብታውን ደረጃ በእግሩ ወጥቶ ኖሮ ትንፋሽ እያጠረው ነው የሚናገረው። ታች ኮማያግዌላ የሚባለው ሰፈር፣ ድልድዩ አጠገብ፣ ዳቦ ቤት ሊከፍት ነው፤ ምረቃው ነገ እሑድ ነው፤ የቤቱን ግንባር ሊጽፍለት የተስማማው ሰው ታምሜያለሁ ብሎ ቀረበት። ትናንት በጸሎት ቤታችሁ በኩል ሳልፍ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ጥቅስ አይቼ ቆምኩ፣ የማን እጅ ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ ይኸው እናንተ ቤት ተላክሁ ይላል።

«የጸሎት ቤቱንም በነጻ ነው የሠራችው፤» አለች ኦቲሊያ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «የልጅ ነገር ነው። እርስዎ ደህና ባለሙያ ይፈልጉ ጌታዬ፤ እዚህ ጊዜዎን አያጥፉ።»

መጋረጃውን ለመግለጥ አንድ እጅ ይበቃ ነበር። ዴልሚ አልገለጠችውም። የሰውዬው ኮቴ ደረጃውን እየወረደ ሲርቅ ትንፋሿን ይዛ መቆየቷ ታወቃት፤ ስትለቀው ደግሞ ከውስጧ የወጣው ንዴት አልነበረም። እፎይታ ነበር። ያስደነገጣትም ይኸው ነው። እናቷ ሲሳይዋን ከደጅ ስትመልስባት እሷ በልቧ «ተመስገን፣ ዳንኩ» ብላለች።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ብሎኬት፣ ከዚያ በላይ ጣውላ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋድ በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል። ከበሩ ጀርባ የውሃ በርሜል ቆሟል። ቦቴው እስከ ደረጃው ግርጌ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፣ ካልፈለገም ይቀራል፤ ሲመጣ ደግሞ ለአንድ በርሜል ሃምሳ ሌምፒራ ያስከፍላል፤ ታች ውሃ በቧንቧ የሚገባላቸው ሰዎች በዚህ ዋጋ ወር ያጥባሉ ይባላል። ኦቲሊያ ፊት የታጠቡበትን ውሃ ለወለል፣ ወለል ያጠበችበትን ለመጸዳጃ ታደርገዋለች። አሁንም እንደ ሁልጊዜው ቀይ ቦሎቄውን ከድስቱ ጨለፈች፣ በበቆሎ ቂጣ ላይ አደረገች፣ ለልጇ አቀበለቻት፣ የራሷን ግን ቆማ ነው የበላችው። ስለ ሰውዬው ትንፍሽ አላለችም። ዴልሚም አልጠየቀችም። ኦቲሊያ ልጇ እንደሰማች ታውቃለች፤ መጋረጃ ጨርቅ ነው። ዴልሚም እናቷ ማወቋን ታውቃለች።

«እትዬ ሚርታላ ዛሬ የሚተኮስ አለ ብለዋል፤» አለች ኦቲሊያ በመጨረሻ። «የልጃቸው ሠርግ ደርሷል፣ የጠረጴዛ ልብሱን ነው። ቶሎ ሂጂ።»

«እሺ እማዬ።»

«ያንን አዲሱን ቀሚስ ደግሞ አትልበሺ። ደህና ነገር ለብሰሽ ካዩሽ ተርፏቸዋል ይላሉ።»

ኦቲሊያ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን ዴልሚ ከማንም በላይ ታውቃለች። የዴልሚ አባት ኤራስሞ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። የጸጉር ቤት መቀስ፣ የሥጋ ቤት በሬ፣ አውቶቡስ ግንባር ላይ የሚጻፍ ምርቃት፣ ኮረብታው ላይ የእሱ ብሩሽ ያልነካው ሱቅ አልነበረም። ዴልሚ ፊደል የቆጠረችው ከትምህርት ቤት ይልቅ ከእሱ መሰላል ሥር ነው። አንድ ጊዜ መሃል ከተማ ያለ ትልቅ የጨርቅ መደብር ጠራው። ኦቲሊያ ያን ቀን ዐሥር ዓመት ያልሞላትን ልጇን አስከትላ ምሳ ልታደርስለት ሄደች። ሲደርሱ የመደብሩ ባለቤት እግረኛ መንገዱ ላይ ሰው ሰብስቦ ይስቃል፤ ኤራስሞ አንድ ቃል ተሳስቶ ጽፎ ኖሮ ሰውዬው ጮክ ብሎ እያነበበ ለአላፊ አግዳሚው ያሰማል። ኤራስሞ ከመሰላሉ ወረደ። ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ሚስቱንና ልጁን እንዳላየ አልፏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ሲሚንቶ ተሸከመ። ስለዚያ ቀን ቤት ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ኦቲሊያ ግን ትምህርቷን ይዛ ነው የቀረችው፤ ድሃ ከመሬት ከፍ ሲል የሚታየው ለመሳቂያ ነው። ዴልሚም እንዲሁ። የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ስትጽፍ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ፊደል በፊደል እያየች ነው የገለበጠችው፤ ክፈሉኝም አላለችም። በነጻ የተሠራን ሥራ ማን ያማርራል?

ደረጃው ወርዶ ሲያልቅ፣ ከጸሎት ቤቱ ጥግ፣ እህት ሶይላ ከሰል ምድጃቸው ላይ ቂጣ እየጋገሩ ይሸጣሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሊጡን በሁለት መዳፋቸው መሃል እያጨበጨቡ ሲጠፈጥፉት ግን ወጣት ይመስላሉ። ዴልሚ አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ነበር።

«አገኘሽ ወይ ሰውዬው?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የዳቦ ቤቱ ነዋ! ኤቬሊዮ። ቤታችሁን የጠቆምኩት እኔ ነኝ።»

«አልነበርኩም፤» አለች ዴልሚ።

እህት ሶይላ ቀና ብለው አዩአት። «ጸጉርሽ ግማሹ ተጎንጉኗል፣ ግማሹ ተበትኗል። ከቤት የወጣሽው አሁን ነው ልጄ። እኔን ታሞኛለሽ?»

ዴልሚ ጸጉሯን ዳሰሰች። እውነት ነው። ሰውዬው ሲመጣ እጇ የቆመበት ቦታ ላይ ነው የቀረው። «እማዬ መለሰችው፤» አለች። «እኔም ዝም አልኩ።»

አሮጊቷ አልተገረሙም፣ አልተቆጡምም። ቂጣውን ገለበጡት። «ረቡዕ ማታ ስለ መክሊት ሲሰበክ ነበርሽ። እዚያ ጋ ነበር የተቀመጥሽው፣ አይቼሻለሁ። ያ መክሊቱን የቀበረው ሰውዬ ሰነፍ ነው ይላሉ። እኔ ግን አስቤው አስቤው አልዋጥልኝ አለ። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ሰነፍ ነው እንዴ? መቆፈር እኮ ሥራ ነው! ሰነፍ አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። ጌታውን ጨካኝ፣ ንፉግ፣ ከሰው አፍ የሚነጥቅ አድርጎ ነው የሚያስበው። እንደዚያ ያለ ጌታ ያለው ሰው ባይቀብር ነው የሚገርመኝ።» ጣታቸውን ወደ ዴልሚ ቀሰሩ፤ ጣታቸው ላይ ሊጥ አለ። «አንቺም እግዚአብሔርን እንደ እትዬ ሚርታላ ነው የምታይው። ብርጭቆ ብትሰብሪ ከደመወዝሽ የሚቆርጥ። የሰጠሽን እጅ የሰጠሽ ቆይቶ ሊያዋርድሽ ይመስልሻል።»

«እህት ሶይላ፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ብሳሳትስ?»

«ትሳሳቻለሽ። እና?»

ዴልሚ መልስ አጣች። ሁለት የቂጣ ገዢዎች መጡ፣ እህት ሶይላም ፊታቸውን ወደ እነሱ አዞሩ።

የእትዬ ሚርታላ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ፣ ሳሎኑ ውስጥ ማንም የማይነካው ፒያኖ አለ። የልብስ መተኮሻው ክፍል ከኩሽናው ኋላ ያለ መስኮት አልባ ጓዳ ነው። ዴልሚ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ እየዘረጋች፣ ውሃ እየረጨች፣ ስታጥፍ ስትደረድር ረፋዱ አለፈ። ለአንድ ቀን ካውያ የሚከፈላት ሁለት መቶ ሌምፒራ ነው፤ ይህ ዋጋ ከተነገራት ወዲህ የአውቶቡሱ ታሪፍ ሁለቴ ጨምሯል። እጇ ይተኩሳል፣ ልቧ ግን ድልድዩ አጠገብ ነው። ስንት ሜትር ይሆን ግድግዳው? ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትመታው? ለዳቦ ቤት ምን ዓይነት ፊደል ይሆናል፣ ወፈር ክብ ያለ፣ ሆዱ የተነፋ፣ እርሾ የገባበት ሊጥ የመሰለ... ይህን ስታስብ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

እትዬ ሚርታላ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው ገቡ። በሌላው እጃቸው የታሸገ እርጎ ይዘዋል። «ትናንት ነው ቀኑ ያለፈው፤» አሉ ስልኩን ከአፋቸው ራቅ አድርገው። «ለእናንተ ምንም አይልም።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤» አለ የዴልሚ አፍ። እሷ አላዘዘችውም፣ በራሱ ነው ያለው።

እትዬ ሚርታላ ወደ ኩሽናው ተመልሰው ጨዋታቸውን ቀጠሉ። በሩ ክፍት ነበር። «አይ፣ እኔስ በሠራተኛ በኩል ተባርኬያለሁ፤» ይላሉ ለስልኩ። «እናትየዋም ልጅየዋም ወርቅ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ እኮ ነው! የሰጠሻቸውን ይቀበላሉ። ጨምሪልኝ የለ፣ አነሰኝ የለ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁም። እንደዚህ ዓይነት ሰው ዛሬ የት ይገኛል?»

ስድብ ቢሆን ዴልሚ ትችለው ነበር፤ ለስድብ ቆዳዋ ወፍራም ነው። ይህ ግን ከልብ የወጣ ምስጋና ነበር፣ በፍቅር የተነገረ። ካውያው እጇ ላይ እንዳለ ቆመች። የጨርቁ ሽታ ሲቀየር ነቃች፣ ካውያውን አቆመችው፣ ከዚያ ሶኬቱን ነቀለችው።

«እትዬ፣ ግማሹን ጨርሻለሁ። የቀረውን ነገ ከአምልኮ መልስ መጥቼ እተኩሳለሁ። ዛሬ ሥራ አለኝ።»

እትዬ ሚርታላ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሌላ ሥራ ነው። የእጄ ሥራ።»

«ዴልሚ፣ አመመሽ?» በእርግጥ ያሰቡላት መስለው ነበር፤ ከዚያ እንዳልታመመች ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ሠርግ ደርሶብኝ፣ እንግዳ ተጠርቶ፣ ዛሬ ልሂድ? ስሚ፤ ያንን በር አልፈሽ ከወጣሽ ሰኞ እንዳትመጪ። እናትሽም እንዳትመጣ።»

ኦቲሊያ የጸናችበት ብቸኛው ነገር ይህ ቤት ነው። ዴልሚ በልቧ «ጌታ ሆይ» አለች፤ የሚቀጥለውን ቃል ግን አጣችው። ምልክት አልመጣም፣ ጥቅስ ትዝ አላላትም። እምነት ሲሰበክ እንደምትሰማው ደረት የሚያሞቅ ነገር ይመስላት ነበር። የሚያቅለሸልሽ ነገር መሆኑን ማንም አልነገራትም። ሽርጧን ፈታች፣ አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረች፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» ብላ ወጣች። እርጎውን እዚያው ተወችው።

ድልድዩ ጋ ስትደርስ ረፋዱ አልቆ ጠራራ ሆኖ ነበር። ገበያው በሰው፣ በቲማቲም፣ በአሮጌ ጫማ፣ በአውቶቡስ ረዳቶች ጩኸት ይተራመሳል። ዳቦ ቤቱን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ በመንገዱ ሁሉ ምንም ያልተጻፈበት ግንባር እሱ ብቻ ነው። ገና ነጭ ተቀብቶ እንደ አንሶላ ተዘርግቷል። ሰውዬው፣ ኤቬሊዮ፣ አርባዎቹን የጨረሰ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ያለበት ሰው ነው፤ ወንበር ላይ ቆሞ ከማተሚያ ቤት ያመጣውን የላስቲክ ባነር ለመስቀል ይታገላል። ባነሩ ተሸብሽቧል።

«የጸሎት ቤቱን ግድግዳ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤» አለችው።

ወደ ታች አያት። «የዚያችኛዋ እጅ ይንቀጠቀጣል ተብያለሁ።»

ዴልሚ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ለራሷም ለማየት ያህል ትንሽ አቆየቻቸው። «እናቴ ፈርታ ነው። እኔም ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ስትናገር እየሰማሁ ዝም አልኩ። ስለዚህ የዋሸነው ሁለታችንም ነን።»

ሰውዬው ከወንበሩ ወረደ። እጆቿን ሳይሆን ፊቷን ነበር የሚያየው። «ስንት ትጠይቂያለሽ?»

መልሱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ «ደስ ያለዎትን ይስጡኝ።» እናቷ ለእትዬ ሚርታላ፣ አባቷ በመጨረሻ ዓመታቱ ለሲሚንቶ ነጋዴው፣ እሷ ለሁሉም ሰው ያለችው ቃል ነው። ትሕትና ይመስላል። ትሕትና አለመሆኑን ዴልሚ አሁን፣ በዚህ ጠራራ፣ አንድ እንግዳ ሰው ዓይን ሥር ቆማ ገባት። የራሴን ዋጋ አንተ ንገረኝ፣ እኔ አላውቀውም ማለት ነው።

«ሁለት ሺህ አምስት መቶ፤» አለች። ድምጿ ቀጠነ። «ቀለሙ በእርስዎ።»

ዝም አለ። ከኋላቸው አንድ አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ። ዴልሚ አፏን ከፍታ «ሁለት ሺህም ቢሆን» ልትል ደረሰች፤ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው። በሕይወቷ እንደዚያ የረዘመ ዝምታ አልፋ አታውቅም።

«ባነሩን እኮ በስምንት መቶ ነው ያሠራሁት፤» አለ ሰውዬው።

«ያስታውቃል፤» አለች፤ ማለቷ ራሷን አስደነገጣት።

ኤቬሊዮ የተሸበሸበውን ባነር አየ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «ዛሬ ያልቃል?»

«ሳይመሽ።»

«መሰላሉ ከኋላ ነው። ቀለምና ብሩሹ ለዚያኛው የገዛሁት ካርቶን ውስጥ አለ።»

የዳቦ ቤቱ ስም «በረከት» ነው። ይህን ቃል ዴልሚ ዓይኗን ጨፍና ትጽፈዋለች። ከካርቶኑ ክርና ጠመኔ አውጥታ፣ ክሩን በጠመኔ አሽታ ግድግዳው ላይ ወጠረች፣ ለቀቀችው፤ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ቀረ። ከዚያ ቀዩን ከፈተች። የመጀመሪያዋ ፊደል ሆድ ሲነፋ፣ ብሩሹ ሳይሰንፍ ሳይቸኩል ክቡን ዞሮ ሲገጥም፣ ከጠዋት ጀምሮ የሆነው ሁሉ ከልቧ ወጣ። ስለ እትዬ ሚርታላ ረሳች። ስለ ሰኞም ረሳች። ሰው መቆም ጀመረ፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ፣ ሽንኩርት የሚሸጥ፣ የስልክ ካርድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። «ኧረ እዩልኝ፣ ሴት ናት!» ይላል አንዱ፤ «ሴት ብትሆንስ፣ ከባልሽ እጅ ይሻላል» ትላለች ሌላዋ ለጎረቤቷ። ዴልሚ ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ግን ጆሮዋ እየሰማ ነበር፣ ደስም ብሏታል።

ከስሙ ሥር አንድ መስመር ይቀራል። ኤቬሊዮ ክንዱ ድረስ ሊጥ ውስጥ ሆኖ ከበሩ ላይ ጮኸላት። «'አሁን ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ' በዪበት!» ዴልሚ ሰማች፣ እንደሰማችውም ጻፈች። በአገሩ ቋንቋ ግን ስትጻፍ የምትታይ፣ ስትነበብ የማትሰማ አንዲት ፊደል አለች፤ ከምድጃ መውጣትን የሚናገረው፣ በዚያ ቋንቋ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቃል ደግሞ የሚጀምረው በእሷ ነው። ከመጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው አይስታትም። በጆሮው የሚጽፍ ሰው ግን ከየት ያመጣታል?

«እህቴ፣» አለች ከታች ደብተር ያቀፈች ባለ መነጽር ሴት፣ በቀስታ። «የመጨረሻው ቃል መነሻ ፊደሉ ቀርቷል።»

የስልክ ካርድ ሻጩ እስኪነገረው ነበር የሚጠብቀው። «ዳቦው ትኩስ ነው፣ ፊደሉ ግን አልበሰለም!» ብሎ ጮኸ። መንገዱ በሳቅ ተናጋ።

የዴልሚ ፊት ነደደ። ዞረች፤ ስትዞርም መጀመሪያ ያየችው የሚስቁትን ሰዎች አይደለም። መንገዱ ማዶ፣ ሽርጧን ሳትፈታ የመጣች እናቷን ነው። እትዬ ሚርታላ ለጎረቤት ደውለው አስጠርተዋት መሆን አለበት፤ ልጇ የሄደችበትን ለመገመት ደግሞ የጠዋቱ እንግዳ ይበቃታል። ኦቲሊያ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ዴልሚ ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ፣ ምሳ ይዘው ከመደብሩ ፊት የቆሙ ዕለት፣ ከታች ወደ ላይ አይታዋለች።

ኦቲሊያ መኪናውን ሁሉ እያስቆመች ተሻገረች። መሰላሉ ሥር ደርሳ የልጇን ቁርጭምጭሚት ያዘች። «ውረጂ፤» አለቻት ማንም እንዳይሰማ። «ውረጂ ልጄ። ሰው ሳይበዛ እንሂድ። እትዬን እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናቸዋለሁ። ውረጂልኝ።»

ኤቬሊዮ ሳቁን ሰምቶ ወጣ። ግድግዳውን አየ፣ ቅንድቡን አከከ። «እኔ ብሆንም እንደዚያ ነበር የምጽፈው፤» አለና ወደ ባለ መነጽሯ ዞረ። «እርግጠኛ ነሽ አንቺ?»

«አስተማሪ ነኝ ጋሼ።»

ዴልሚ ወረደች። እናቷ ክንዷን ይዛ ልትጎትታት ጀምራለች፤ እግሯም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ እርምጃ ተከትሏታል። አባቷ በዚህች እርምጃ ነው የሄደው። ዴልሚ ቆመች። ብሩሹ አሁንም እጇ ላይ ነው። ለአንድ አፍታ እህት ሶይላ «እና?» ሲሉ ሰማቻቸው፤ ያኔ መልስ ያጣችለት ጥያቄ መልስ የማይፈልግ ጥያቄ ነበር።

«ጋሼ ኤቬሊዮ፣ ጨርቅና ተነር ይስጡኝ፤» አለች። ከዚያ ከኪሷ ጠመኔ አውጥታ ለአስተማሪዋ ዘረጋችላት። «አንቺ ደግሞ አደራ፣ እዚህ ድንጋዩ ላይ በትክክል ጻፊልኝ። የተማርኩት ትንሽ ነው።»

የሚስቁት ሰዎች ይህን አልጠበቁም ነበር። አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ እግረኛ መንገዱ ላይ ጻፈች። ዴልሚ መሰላሉን ወጣች። የጎደለችው ፊደል መነሻ ላይ ስለሆነች ማስገቢያ ቦታ የላትም፤ ቃሉ እንዳለ መጥፋት አለበት። ጨርቁን ነክራ ጠረገችው። ቀዩ ሮዝ ሆነ፣ ሮዙ ነጭ ሆነ። ከድንጋዩ ላይ እያየች፣ ያችን ድምፅ የሌላትን ፊደል በማስቀደም፣ አንድ በአንድ እንደገና ጻፈችው። አውቶቡስ መጣ፣ ግማሹ ሰው ተሳፈረ፤ የስልክ ካርድ ሻጩ ሌላ ገዢ አግኝቶ ሄደ። አንዲት ሴት ጸጉር ቤት እንዳላት ነግራ የዴልሚን ስልክ ቁጥር ወሰደች። ሌላ ምንም አልሆነም።

ኦቲሊያ አልሄደችም። ከበሩ አጠገብ በተቆለለ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ የተጠረገውን ቦታ ስታይ ቆየች።

«ይኸው ነው?» አለች ኦቲሊያ፣ ዴልሚ ስትወርድ።

«ምኑ እማዬ?»

«በጨርቅ ነው የሚጠፋው?»

«እርጥብ ሳለ በጨርቅ ይጠፋል።»

ኦቲሊያ ሽርጧን በጣቶቿ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ልጇን አላየቻትም። «አባትሽ ጨርቅ ነበረው፤» አለች ቆይታ። «የኋላ ኪሱ ውስጥ። ሲሄድ ከኋላው አይቼዋለሁ፣ ጫፉ ወጥቶ ነበር።» ዴልሚ አጠገቧ ተቀመጠች። ሃያ ዓመት ያህል በመካከላቸው ስትኖር የነበረችው ያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟ ተጠራ፤ ሁለቱም ከዚያ በላይ አልነኳትም።

ፀሐይዋ ኮረብታው ጀርባ ስትገባ ግንባሩ አልቋል። ኤቬሊዮ መንገዱን ተሻግሮ ከማዶ ሆኖ አየው፤ ተመልሶም ሳይከራከር ከፈላት። ለምድጃው መሞከሪያ የጋገረውን ዳቦ ከነመደርደሪያው አውጥቶ «ውሰዱ፣ ምረጡ» አላቸው። ኦቲሊያ እጇን ዘርግታ ነበር፣ መልሳ ሰበሰበችው።

«የትናንት የለም?» አለች። «እኛ የትናንቱን ነው የምንወስደው። ይበቃናል።»

«እማማ፣» አለ ኤቬሊዮ እየሳቀ፣ «ገና ነገ ነው የምንከፍተው። ትናንት የለንም።»

ዴልሚ ከመሃል ትልቁን አንስታ እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው። አውቶቡስ ተራው ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር። ኦቲሊያ ዳቦውን ሽርጧ ውስጥ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ሆዷ ላይ ይዛዋለች፤ ለነገ ጠዋት ይሆናል አለች፣ ቢደርቅም ከቡና ጋር ይበላል። ከዚያ፣ «ሰኞ ምን እንሆናለን?» አለች።

«እኔም አላውቅም እማዬ፤» አለች ዴልሚ። እውነቷን ነው። ጸጉር ቤት ያላት ሴት ትደውል ይሆናል፣ ላትደውልም ትችላለች። ፍርሃቱ አልሄደም። ግን ብቻውን አልነበረም፤ አጠገቡ ሌላ ነገር ተቀምጧል፣ ስም ያላወጣችለት።

ሰልፉ ትንሽ ተራመደ። የዳቦው ሙቀት ሽርጡን አልፎ መጥቶ መሆን አለበት፤ ኦቲሊያ ጨርቁን ገለጥ አደረገች፣ አሸተተች፣ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ከጫፉ ቆረሰች። ቆማ በላችው፣ ግን ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና። እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ወጣ። ዴልሚ እያየቻት ትንፋሿን ያዘች። ይህች ሴት የተሰጣትን ሁሉ፣ ያረረውንም የሻገተውንም፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ የዋጠች ናት።

ኦቲሊያ አላምጣ ጨረሰች። ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ጨው አንሶታል፤» አለች።